በሌለን ምድር ቤት ውስጥ ስለተከተተው ጎርፍ

ለተከበሩ የጎርፍ ኪሳራ ትመና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ቢሮዎ ስድስተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን ስለማውቅ እግርዎ እንደማይረጥብ ተረድቼ ተጽናንቻለሁ። እኔ በስደት አገሬ፣ ቶኮዛ በምትባል መንደር ውስጥ፣ ከቦዩ አጠገብ፣ እዚህ ስፓዛ በሚሏት አንዲት የሰፈር ሱቅ ስኳርና የበቆሎ ዱቄት የምሸጥ ጦይባ የምባል ነጋዴ ነኝ። በአማርኛ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ፤ በእንግሊዝኛ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ስላልተነበቡ፣ አራተኛውን ቢያንስ ፎርድስበርግ ያሉ ሐበሻ ወገኖቼ ያንብቡት ብዬ ነው።

አንደኛ፣ የመንደራችንን ኪሳራ በኮምፒውተር ሞዴል ስላሰሉልን እናመሰግናለን። ሞዴሉ ከባሕር ማዶ፣ ቤቱ ሁሉ ከወለሉ በታች የተቆፈረ ምድር ቤት ካለው ከተማ የመጣ ነው አሉ። ስለዚህ የመጀመሪያውን አንድ ሜትር ውሃ በየምድር ቤታችን ከትቶ፣ ለሱቄ ወለል አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ አስቀርቶልናል። ቅጽዎም በምድር ቤታችሁ ምን ንብረት አለ ብሎ ይጠይቃል። እኔና ባለቤቴ አብዱልወሀብ የዱቄቱን ጆንያ ሁሉ አንስተን ፈለግን፤ ከሲሚንቶው በታች ያለው አፈር ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ግድግዳችን። ከእኛ በፊት ሱቁን የያዘው ምሕረቱ፣ ከእሱም በፊት አቢሶ፣ ጎርፍ በገባ ቁጥር ውሃው የደረሰበትን በማይለቅ ማርከር አስምረው ዓመቱን ይጽፉ ነበር። ሱቅ ሲያስረክቡ ከቁልፉ በፊት መስመሩን ማሳየት የእኛ ወግ ነው፤ ዱቄት ከመስመሩ በላይ፣ ለስላሳ ከመስመሩ በታች ይደረደራል። ስድስት መስመሮች ነበሩን። ከፍተኛው አንድ ሜትር ከአሥራ አምስት ነው፤ ሞዴልዎም ምድር ቤቱን ቢረሳልን ያንኑ በተናገረ ነበር። ነገር ግን ባለሙያዎችዎ ሊጎበኙን አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ግድግዳው ተሞነጫጭሯል፣ እንግዳ ሳያየው ነጭ ቀለም ቀቡት የሚል ትእዛዝ ከዚያው ከቢሮዎ ደረሰን። የንግድ ፈቃዳችንን እንዳንነጠቅ ፈርተን ቀባን። በማግስቱ የመጡት ንጹሑን ግድግዳ አይተው የአካባቢ መረጃ የለም ብለው ጻፉ። መረጃው ከቀለሙ ሥር ነው ብንላቸው፣ በአፍ የተነገረ አይመዘገብም አሉን። ብሩሹን የያዝኩት እኔ ነኝና ራሴንም ተጸይፌያለሁ።

ሦስተኛው ላይ ትሕትናዬ ያልቃል። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል የቤቱ ባለቤት፣ ጎጎ የምንላቸው አሮጊት፣ አልጋ ከያዙ ሁለት ዓመት ሆናቸው። በእርስዎ አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ምክንያት መንገዳችን ዝቅተኛ ስጋት ያለበት ተባለና፣ አቅመ ደካሞች ከዝናቡ በፊት ከሚነሡባቸው ቦታዎች ዝርዝር ተሰረዘ። አልጋቸው ከወለል አርባ ሴንቲ ሜትር ነው። እንደ ሞዴልዎ ከሆነ በደረቅ ይተኛሉ፤ እንደ ግድግዳችን ከሆነ ይሰጥማሉ። ይህን ለሠራተኛዎ ባስረዳው፣ ሞዴሉ አልጋ ላይ ለተኛ ሰው ቦታ የለውም አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የቢሮዎ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ሁሉ ከለስላሳው ጋር ከመስመሩ በታች አስቀምጣለሁ።

ልመናዬ ትንሽ ነው። ሌላ ሞዴል አይግዙልን፤ ሜትር የያዘ አንድ ሰው ይላኩና ውሃ በገባባቸው ሱቆች እየዞረ ይለካ፣ የሰዉንም ቃል ይጻፍ። በትዕግሥት እጠብቃለሁ እንዳልል፣ ዝናቡ ቀጠሮ አይቀበልም።

በእርስዎ ስሌት እስከ ቁርጭምጭሚቷ፣ በእውነቱ ግን እስከ ደረቷ ረጥባ የምታከብርዎ፣
ጦይባ፣ ከቶኮዛ

ማሳሰቢያ፦ ይህ ደብዳቤ ሳይላክ ባለፈው ማክሰኞ ዘነበ። አብዱልወሀብ ሰማዩ ሲጠቁር አይቶ፣ ከአልጋው እግሮች ሥር ሦስት ሦስት የለስላሳ ሳጥን ደርድሮ፣ ጎጎን በግድግዳችን ልክ ከፍ አድርጓቸው ነበር። ውሃው ከፍራሹ አራት ጣት ሲቀረው ቆመ። ለኪሳራ ቅጽዎ የሚሆን ሬሳ ስላላቀረብን ይቅርታ እንጠይቃለን። ቀለሙም ተልጦ ስድስቱ መስመሮች ብቅ ብለዋል፤ ሰባተኛውን ጎጎ በክፍላቸው ግድግዳ ላይ፣ ከአልጋቸው ሳይወርዱ፣ በገዛ እጃቸው አሰመሩት። እሱንም ቀቡ የሚሉ ከሆነ ብሩሹን ይዘው ራስዎ ይምጡ፤ ጎጎ ሊያዩዎት ይፈልጋሉ።