ወደ ዜሮ ስለማይመለሰው የሚዛን ጠቋሚ

ለተከበሩት የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ በተለይም የመምህራኑን ሱቅ ብቻቸውን ተሸክመው ለሚደክሙት ለባለቤትዎ እህት የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። የደም ግፊትዎስ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቀው ለወግ ያህል አይደለም። ደብዳቤዬ ረዘም ስለሚል፣ ቁጭ ብለው፣ አንድ ብርጭቆ ውሃም አጠገብዎ አስቀምጠው ቢያነቡት ይሻላል ብዬ ነው።

እኔ ከትምህርት ቤትዎ በር ፊት ለፊት ያለችው የፎቶ ኮፒ ሱቅ ባለቤት ነኝ። ልጄ በእርስዎ ሥር አሥረኛ ክፍል ትማራለች፤ ለከርሞ የተፈጥሮ ሳይንስ ክፍል ገብታ መሐንዲስ የመሆን ሐሳብ አላት። ሐሳብ ነበራት ብል ይቀለኝ ይሆናል፤ ምክንያቱም ባለፈው ሰኞ ክብ ማኅተምዎ ያረፈበት ማስጠንቀቂያ ደርሶኝ፣ ልጄ በፊዚክስ ሪፖርቷ ላይ «ሐሰተኛ ውጤት በማስፈሯና የትምህርት ቤቱን ንብረት ስም በማጉደፏ» እስከ ዓርብ ድረስ አስተካክላ ይቅርታ ካልጠየቀች የሳይንስ ክፍል በር እንደሚዘጋባት አንብቤአለሁ። ንብረቱ ሚዛን ነው። ሚዛን የሚጎድፍ ስም እንዳለው በዚህ ዕድሜዬ ስላስተማሩኝ ዕድሜ ይስጥዎ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ለተማሪዎቹ የተሰጠው ሥራ ቀላል ነው፦ አንድ ኪሎ የሚመዝን ነገር ባለ ሞላ ሚዛን ላይ አንጠልጥሉ፣ ሞላው ሲለጠጥ ጠቋሚው የሚያርፍበትን ቁጥር አንብቡ፣ መሬት ያንን ነገር በምን ያህል ጉልበት እንደምትስበው ጻፉ። መጽሐፉ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ኒውተን ይላል። ልጄ አሥራ አንድ አነበበች፤ አሥራ አንድ ብላ ጻፈች። ከሥሩም፣ እዚህ ላይ ነው ወንጀሉ፣ «ሚዛኑ ምንም ሳይንጠለጠልበትም ጠቋሚው ወደ ዜሮ አይመለስም፤ ሞላው ከአቅሙ በላይ ተጎትቶ ስለተበላሸ ቢለወጥ ጥሩ ነው» የሚል ማስታወሻ ጨመረች። እንግዲህ ቅሬታዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ፤ ወይም ምስጋናዬን፣ እንደ ጨዋነትዎ ይውሰዱት።

አንደኛ፤ ስለ ቤተ ሙከራው። የቆመ ነገር ከውጭ የሚገፋው ካላገኘ እንደቆመ ይቀራል ይላል የልጄ መጽሐፍ። ልጆቻችን ይህን ሕግ እንዳይረሱት ቤተ ሙከራውን ራሱን ማሳያ አድርገውላቸዋል፤ ቁልፉ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዳ እስካልመጣ ድረስ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ዕቃዎቹ ግን ሥራ ፈት እንዳይሆኑ ማድረግዎን ሳልመሰክር ባልፍ ይቆጨኛል። የእንቅስቃሴ መለማመጃዋ ትንሽ ጋሪ የመምህራኑን የሻይ ቴርሞስ ታመላልሳለች። ፑሊው የቢሮዎን መጋረጃ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ሰዓት መቁጠሪያው ከስፖርት አስተማሪው አንገት ወርዶ አያውቅም። ለተዳፋት ሙከራ የመጣው ሳንቃ፣ «ፊዚክስ» የሚለው ቀይ ጽሑፍ ገና ሳይደበዝዝ፣ ቦዩ ላይ ተጋድሞ ሞተር ብስክሌትዎን ያሻግራል። የአንድ ኪሎው የነሐስ መመዘኛ ደግሞ ጠረጴዛዎ ላይ ቁጭ ብሎ ወረቀትዎን ከነፋስ ይጠብቃል። በዚህ ግቢ ውስጥ የፊዚክስ ዕቃ ነክተው የማያውቁት የፊዚክስ ተማሪዎች ብቻ ናቸው።

ሁለተኛ፤ ስለ ሪፖርቱ። የፊዚክስ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ውጤት፦ 9.8» ብለው ይጽፉና፣ እንዴት እንደተገኘ ልጆቹ ቤታቸው ሄደው እንዲያስቡበት ያዛሉ። ልጆቹም አያስቡም፤ ከታላላቆቻቸው የወረሱትን ሪፖርት ይዘው ወደ እኔ ሱቅ ይመጣሉ። ደንበኞቼ ናቸውና አልከፋም። ሆኖም በሁሉም ላይ «በዕለቱ ኃይለኛ ዝናብ ስለነበር መስኮቶቹን ዘግተን ሞከርን» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ሙከራው የሚታዘዘው ግን ፀሐይ አናት በምትበሳበት ወር ነው። አንድ ጊዜ አንድ ትጉህ ልጅ በእውነት ሞክሮ፣ በእውነትም ዘንቦበት ይሆናል፤ ያ ልጅ ዛሬ የልጅ አባት ሳይሆን አይቀርም፤ ዝናቡ ግን እስከ ዛሬ በእኔ ማሽን ውስጥ እየዘነበ ነው። መምህሩም እያንዳንዱን «በጣም ጥሩ» እያሉ ያርማሉ።

ሦስተኛ፤ ልጄ ያደረገችው። እኔ ያሳደግኋት ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር መቅዳት ሞቷ ነው። ገና በእግሯ ሳትጠና ከበረንዳችን ላይ ማንኪያ፣ ጫማ፣ የእናቷን የፀጉር ማበጠሪያ ቁልቁል እየጣለች የቱ ቀድሞ መሬት እንደሚደርስ ታይ ነበር፤ አንድ ጊዜ የመስታወት ብልቃጥ ጥላ የጎረቤታችንን ድመት ለጥቂት ነው ያተረፍናት። እንግዲህ ይህች ልጅ በዕረፍት ሰዓት ጸሐፊዎን ለምና የነሐሱን መመዘኛ ከጠረጴዛዎ ላይ ተዋሰች፤ ባዶ እጇን እንዳልሄደች፣ ወረቀትዎ እንዳይበተን በምትኩ የራሷን መዝገበ ቃላት እንዳስቀመጠች ልብ ያድርጉልኝ። ከዚያ እዚያው ግቢ ውስጥ ወዳለው የመምህራኑ ሱቅ ሄዳ ባለ ሞላ ሚዛኑን ለመነች። ሚዛኑ እዚያ ምን ይሠራል ብለው እንደማይጠይቁኝ አውቃለሁ፤ እዚያ የሰቀሉት እርስዎ ነዎትና። የባለቤትዎ እህት ድንች በከረጢት ሲያንጠለጥሉበት፣ ስኳር ሲመዝኑበት የኖሩት ሚዛን ነው። ለትንንሽ ዕቃ የተሠራ ሞላ የድንች ከረጢት ሲሰቅሉበት ከሚችለው በላይ ይለጠጣል፤ ከዚያ በኋላ ቢለቁትም ወደ ቦታው አይመለስም። ይህ በልጄ መጽሐፍ ውስጥ ከነሥዕሉ አለ፤ መምህሩ አስተምረውታል፣ ፈትነውበታል። ከሥዕሉ አልፎ ሞላውን ራሱን የሚያይ ሰው ይመጣል ብለው ግን አልጠረጠሩም።

አራተኛ፤ እዚህ ላይ ጨዋነቴን ጠበቅ አድርጌ ልያዘው። በዚያ ሚዛን ላይ አንድ ኪሎው አሥራ አንድ ካሳየ፣ ስኳር ሲመዘንበት ምን እንደሚሆን ለማወቅ ፊዚክስ መማር አያስፈልግም፤ ስኳር መውደድ ይበቃል። ጠቋሚው «ኪሎ ሞላ» ሲል ኪሎው አልሞላም። የሚገዙት እነማን ናቸው? የሒሳብ መምህሩ፣ የኬሚስትሪ መምህርቷ፣ ጥበቃው፣ የፅዳት ሠራተኞቹ፣ እንዲሁም ልጄን የጣሏት የፊዚክስ መምህር ራሳቸው። ኃይል ከአንዱ ወደ ሌላው ይለወጣል እንጂ አይጠፋም ብሎ መጽሐፉ ያስተምራል። የጎደለውም ስኳር አልጠፋም፤ ከመምህራኑ ከረጢት ወደ ማን ጓዳ እንደተለወጠ እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ድፍን ግቢው ያውቃል። ዓይንን በጨው መታጠብ ሲባል እሰማ ነበር፤ በስኳር ሲታጠብ ያየሁት ግን በእርስዎ ዘንድ ነው።

ለካስ ልጄ «ሐሰተኛ ውጤት» የተባለባት ቁጥሩ ስለተሳሳተ አይደለም! ዝናብ ሳይኖር ዝናብ ጣለ ያሉት ሁሉ አለፉ። እሷ ያየችውን ስለጻፈች፣ ከዚያም አልፎ ለምን እንደሆነ ስላወቀች ተቀጣች። ደሜ ፈልቷል፣ ክቡር ሆይ፤ ይህን በትሕትና እገልጻለሁ።

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ስለ ምልልሴ። ማስጠንቀቂያው እንደደረሰኝ ሱቄን ዘግቼ እርስዎን ለማነጋገር መጣሁ። ጸሐፊዎ ወደ ምክትልዎ፣ ምክትልዎ ወደ ፊዚክስ መምህሩ፣ መምህሩ ወደ ንብረት ክፍል፣ ንብረት ክፍሉ ተመልሶ ወደ ጸሐፊዎ ላኩኝ። ልጄን ስጠይቃት፣ መነሻና መድረሻው አንድ ቦታ የሆነ ሰው የቱንም ያህል ቢዞር ከቦታው እንዳልተነሣ ይቆጠራል አለችኝ። ላቤ ግን በጀርባዬ ይወርድ ነበር። እርስዎ በመስኮት ሲያዩኝ አይቼዎታለሁ፤ ወዲያው መጋረጃው ወረደ። ፑሊው በደንብ ይሠራል፤ አንዳች እንኳ አልተንቋቋም።

አሁን ወደ ዓርቡ ልምጣ፤ የሚያንገበግበኝ እሱ ነውና። እናቷ እንደ እኔ በነገር የምትብሰለሰል አይደለችም፤ «ምን አገባሽ፣ የፈለጉትን ጻፊላቸውና ተገላገዪ፣ መሐንዲስ ስትሆኚ ሚዛኑን ትሰብሪዋለሽ» አለቻት። እኔ የምትለውን ልስማ ብዬ ጠበቅሁ። ልጅቷ ደብተሯን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች። ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወደ ሱቄ ገብታ አንድ ወረቀት ማሽኑ ላይ አስቀመጠችና «አባዬ፣ ሁለት ኮፒ» አለችኝ። ጽሑፏ እንደወትሮው ያምራል። ውጤት፦ 9.8። ከሥሩ ስለ ጠቋሚው አንድም ነገር የለም። ከላይ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ በገዛ እጇ «በዕለቱ ኃይለኛ ዝናብ ስለነበር መስኮቶቹን ዘግተን ሞከርን» ብላ ጽፋለች። ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነበር። ማሽኑን ተጫንኩ፤ ሁለቱ ወረቀት ሞቆ ወጣ፤ ፊቴን ሳታይ ተቀብላኝ ሄደች።

ስለዚህ ደስ ይበልዎ፤ አሸንፈዋል። ልጄ የሳይንስ ክፍል ትገባለች። ከሰኞ ወዲህ ከበረንዳ ላይ ዕቃ መጣልም ትታለች። እናቷ ልጅቷ አደብ ገዛች ብላ ደስ ብሏታል፤ እኔ ግን ማታ ማታ ከበረንዳው የሚወድቅ ነገር ስጠብቅ አመሻለሁ። አሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ እኔና እናቷ በቁጣም በልመናም ያላስተውናትን በአንድ ማኅተም ያስተዉልን እርስዎ ነዎት፤ ለዚህ ውለታዎ የሚመጥን ቃል በአማርኛ ፈልጌ አላገኘሁም፤ ያገኘሁትንም በአደባባይ መጻፍ ነውር ነው።

ከእርስዎ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ለራሴ ያስቀረሁትን የሁለቱንም ሪፖርቶች ኮፒ፣ የአሥራ አንዱንና የዝናቡን፣ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ሐሰተኛው የቱ እንደሆነ ለይተው፣ እሱ ላይ ያንን ክብ ማኅተምዎን ያሳርፉልኝ። የሚያወላዳ ነገር የለውም፤ ማኅተሙን የሚመዝን ደግሞ ማንም የለም።

መጽሐፉ ለእያንዳንዱ ግፊት እኩል የሆነ የመልስ ግፊት አለ እንደሚለው፣ ይህ ደብዳቤ በማስጠንቀቂያዎ ልክ ተመጥኖ የተጻፈ ነው፤ ቢያምዎት ከገፉበት መጠን እንጂ ከእኔ ክፋት አይደለም። ወንበርዎ ይደላዎ ዘንድ፣ መጋረጃዎ ሳይንቋቋ ይወርድ ዘንድ፣ ሻይዎ በጋሪ ይደርስዎ ዘንድ፣ ስኳሩም በልክዎ ይሆን ዘንድ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከበርዎ ማዶ በየቀኑ ሲገቡና ሲወጡ ቆሜ የማይዎት፣

ታዛዥ ጎረቤትዎ፣
የፎቶ ኮፒው ሰውዬ

ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ሱቄ መስታወት ላይ ተለጥፏል፤ ለሚፈልግ ሁሉ በነፃ እያባዛሁ ነው። ከምሳ በኋላ መምህራኑ አንድ አንድ እያሉ የስኳር ከረጢታቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ከጎኔ ወዳለችው አትክልት ሻጭ ሲሄዱ አየሁ፤ እሷ ዘንድ ባለ ሁለት ሰሃን ሚዛን አለ። የፊዚክስ መምህሩም መጡ። በአንዱ ሰሃን የኪሎው ብረት፣ በሌላው ኪሎ የተባለው ስኳራቸው ተቀመጠ፤ የስኳሩ ሰሃን ሽቅብ ተንጠልጥሎ ቀረ። አንሥተው ደግመው አስቀመጡት፤ ያው ነው። ከዚያ ወደ እኔ ሱቅ ብቅ ብለው፣ ማሽኑ አጠገብ ወረቀት የምትደረድረውን ልጄን በለሆሳስ «መጀመሪያ ስንት ነበር ያገኘሽው?» ብለው ጠየቋት።

«ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ነው ቲቸር» አለቻቸው፣ ቀና እንኳ ሳትል።