ከሚዛን በኋላ የምትጨመረው እፍኝ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን 2006 ዓ.ም.። ከጠዋት ጀምሮ አሥራ አንድ ሰው ሊጠይቀኝ መጣ። ዘጠኙ ስለ ቤቱ ካርታ ጠየቁኝ፤ አንዱ ስለ ሕመሜ። አንዷ ምንም ሳትጠይቅ ትራሴን ገልብጣልኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

እኔ እህል ነጋዴው ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ኩላሊቴ ከድቶኛል፤ አእምሮዬ ግን እንኳን ለኑዛዜ ለክርክርም ይበቃል። ማንም ሳያስገድደኝ በአራት ምስክሮች ፊት እናገራለሁ፤ ከእነርሱ አንዱ፣ ጡረተኛው መምህር፣ ይጽፋል።

የቤተ ክርስቲያኑን ኮሚቴ ስለሚመራ ሰፈሩ «ሊቀመንበር» ለሚለው ታላቁ ልጄ የመኖሪያ ቤቱን አውርሼዋለሁ። ግድግዳው ሰፊ ስለሆነ ስሙን እንደ ልቡ ይለጥፍበት። ለቤተ ክርስቲያን መብራት ሰጥቶ «ስሜ በድምፅ ማጉያ ሦስት ጊዜ አልተነበበም» ብሎ ያኮረፈ ሰው ነው። በዚያው ሳምንት ደጃፉ ላይ ውሃ የለመነችውን አሮጊት «ቧንቧው ተበላሽቷል» ብሎ መለሳት። ቧንቧውን ያሠራሁት እኔ ነኝ፤ አልተበላሸም።

ለሴት ልጄ የእናቷን ጌጥና ትልቁን ቁም ሣጥን ሰጥቻለሁ። ጸሎቷ እስከ ሦስተኛ ቤት ይሰማል። በታመምኩበት አርባ ቀን ግን አንድ ብርጭቆ ውሃ አላቀበለችኝም። ጉልበቷን ለስግደት ትቆጥባለች መሰለኝ።

አሁን ወደ ሱቁ። ልጄ ሱቁ ፈርሶ በስሜ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ እንዲሠራበት፣ በግንባሩም የእብነ በረድ ሰሌዳ እንዲለጠፍ ይፈልጋል። እኔ ግን ሱቁን፣ ሚዛኑንና በውስጡ ያለውን እህል በሙሉ ለምራቴ፣ ለሟቹ ታናሽ ልጄ ሚስት፣ አውርሻለሁ። ከሱቁ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ስጦታ አልለውም።

እዚህ ላይ ልጄ ተነሣ። የተባለው ሁሉ ይጻፍ ብያለሁ።

«አባባ፣ ለእግዚአብሔር ቤት የታሰበውን ለምስር ቸርቻሪ?»

«ማን አሰበው?»

«ኮሚቴው!»

«እንግዲያው ኮሚቴው የራሱን ሱቅ ያፍርስ።»

ከምስክሮቹ አንዱ፣ ጸጉር አስተካካዩ፣ ሳቀ። ሳቁም ይጻፍ።

ምክንያቴ ይህ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት የምስሩ ጆንያ ይጎድልብኝ ጀመር። አይጥ ነው ብዬ ድመት አመጣሁ። ድመቷ አንድ አይጥ ሳትይዝ ወፈረች፤ ምስሩም መጉደሉን አልተወም። አንድ ቀን ከጆንያዎቹ ጀርባ ቆሜ አየሁ። ምራቴ ለሩብ ኪሎ ለሚመጡት ድኾች በትክክል ትመዝናለች። ከሚዛኑ ካወረደችው በኋላ አንዳንድ እፍኝ ትመርቅላቸዋለች፤ ቃል ሳትናገር፣ ፊታቸውን እንኳ ሳታይ።

«ሌባ!» አልኳት።

«ልክ ነዎት አባባ። ከቀለቤ ይቀነስ» አለች።

ቀነስኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ ከወር ቀለቧ ላይ እየለካሁ ቀነስኩ። እሷም መመረቋን አልተወችም። ምራቂውን የወሰዱት ሰዎች ግን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ሱቅዎ በረከት አለው» ይሉኛል። እኔም ቆሜ «አሜን» እላለሁ። ልጄን እንቀዋለሁ፤ ስለዚህች «አሜን» ግን ራሴን አብልጬ እንቃለሁ። እርሱ የተጨበጨበለት በራሱ መብራት ነው፤ እኔ የተመረቅሁት በምራቴ ራት ነው።

ወደፊት እፍኟን እንድትጨምር አላዝዛትም። የታዘዘ ምራቂ ዋጋ ይሆናል። አሁንም ሱቅ ናት፤ ወረፋ አለና እንዳትጠሯት።

«ሱቁን ለኮሚቴው በቃሉ ሰጥቶ ነበር» የሚል ቢመጣ፣ ይህ ጽሑፍ ውሸታም ይበለው።

ምስክር የሆኑት ቄስ «አዳራሹም እኮ ለነፍስዎ ታስቦ ነው» አሉኝ።

«አባ፣ ነፍሴ ያን ያህል ቦታ አትፈጅም።»

ልጄ «ይንገሩት እንጂ፣ አባ!» አላቸው።

ቄሱ ግን «እኔም ምስር የምገዛው እዚያ ነው» አሉና ከሁሉም ቀድመው ብዕሩን ያዙ።

የተጻፈው ተነብቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጫለሁ። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ በአውራ ጣቴ ፈርሜአለሁ። ምስክሮች፦ ቄሱ፣ ጸጉር አስተካካዩ፣ ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ፣ ጸሐፊው መምህር።

ነገ ጠዋት፦ ቁልፍ ሠሪው መጥቶ የሱቁን ቁልፍ ይቀይር። ልጄ ቅጂ አለው።