ጋሼ ሰይድ ያጠበቋት ብሎን

ሰኞ
ጨሰ። ካሜራው ጨሰ! የባጃጁን ባትሪ ባገናኘሁበት ቅጽበት የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ያ ረቢ! የታመመ ሽንኩርት የሚለይ ሮቦት ሠርቼ ልመረቅ ነበር፤ ዓይን የሌለው ሮቦት ምኑን ያያል? ካሜራ ሁለት ነበረኝ፣ የቀረኝ አንድ። ፈተናው ዓርብ ነው።
ባትሪውን ያዋሱኝ፣ ጋራዣቸው ውስጥ ጠረጴዛ የሰጡኝ ጋሼ ሰይድ «አይዞሽ ልጄ፣ ባጃጅም ይጨሳል» አሉኝ።

ማክሰኞ
እህል አልወርድ አለኝ። ባትሪው ዐሥራ ሁለት ቮልት፣ ካሜራው የሚችለው አምስት። ለዚህ ነው መሃል ላይ ቮልት መቀነሻ ያስገባሁት። እላዩ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን እያዞርኩ እሑድ ዕለት አምስት ላይ አቁሜያት ነበር። በገዛ እጄ! ሰኞ ደግሜ ሳልለካ አገናኘሁ፣ ጥፋቴ ይሄ ነው። ዛሬ በቴስተር ብለካ ዐሥራ አንድ! ማን ነካት? ወደ አምስት መለስኳት።

ረቡዕ
እንደገና ዐሥራ አንድ። ጂን ነው እንዴ? ደግነቱ ካሜራውን አላገናኘሁትም። ጋራዡ ውስጥ አለቀስኩ፤ ጋሼ ሰይድ ሲያዩኝ በሙቀቱ አሳበብኩ። እናቴን «አልመረቅም» ብላት «ዝም ብለሽ ብዪ» አለችኝ።

ሐሙስ
ደረስኩበት። ወይኔ! ጋሼ ሰይድ ጋራዡን ሲዘጉ ያዩትን ብሎን ሁሉ ሳያጠብቁ አይሄዱም። በዚህ ኮረኮንች መንገድ ላይ የላላ ብሎን ሰው ይገድላል ይላሉ። ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ካቻቢቴ ይዘው፣ ያቺኑ ብሎን ጥብቅ!
«ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ። ጮኼባቸው አላውቅም።
«ላልታ ነበራ፣ ልጄ።»
ብሎኗ ቮልቱን የምትጨምርና የምትቀንስ መሆኗን ነገርኳቸው። የተቃጠለውን ካሜራ አንስተው አገላብጠው አዩት። አምስት ላይ መልሼያት የእህቴን የጥፍር ቀለም ጠብ አደረግኩባት፣ ደርቆ እንዲይዛት። እሳቸው ደግሞ ትንሽ ፊውዝ ፈልገው ሽቦው ላይ አስገቡ። «ይቺን እንኳን አውቃታለሁ» አሉ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ።

ዓርብ ጠዋት
ፈተናው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ለካሁ፤ አምስት። ደገምኩ፤ አምስት። ቢስሚላህ ብዬ አገናኘሁና ዓይኔን ጨፈንኩ።
ምንም አልሸተተም። ዓይኔን ስገልጥ ካሜራው የሚያየው ስልኬ ላይ መጥቷል። ጋሼ ሰይድ ናቸው፤ ከጠረጴዛው ራቅ ብለው፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆመዋል።
«አልነካሁም፣ አየሽ?» አሉኝ።