የደምሴ ዓይን

ደብረ ወርቅ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ተመስገን። ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ትናንት ከጫካ በሕይወት መጣልን። ግራ ዓይኑን የጣሊያን ጥይት አጥፍቶታል። ነገ ወደ ጓዶቹ ይመለሳል። እናቴ «መልኩን ሣልልኝ፤ እንደ ወጣ ቢቀር የማየው ይኑረኝ» አለችኝ።

ጠዋት ጣውላዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ቁስሉ እንዳይታይ ብዬ ወደ ጎን አዙሬ በአንድ ዓይን ጀመርኩት። ደምሴ ሲያየው ደሙ ፈላ። «በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ እንዲህ በጎን የሚሣለው ሰይጣን አይደለም? እኔን ከእሱ ጋር ልትደምረኝ ነው?» አለኝ። ሥዕል ተማሪው እኔ ሆኜ እንዴት ረሳሁት! ሁለት ደህና ዓይን ባደርግለት ደግሞ ውሸት ነው።

ደግነቱ የሥዕል መምህሬ የኔታ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ሊሉት መጡ። ሥዕሉን አይተው፣ «ፊት ለፊት አድርገው። ሽፋሽፍቱን፣ መስመሩን ሁሉ ተወው። ፀሐይ ያረፈበትን ወገን በቢጫ አፈር፣ የቁስሉን ወገን ጥላ አድርገህ በጥቀርሻ ወጥ አድርገህ ሙላው። ጥላ ውስጥ ያለ ዓይን የለም አይባልም» አሉኝ። እድሜ ይስጥልኝ!

በቀትር ጨረስኩ። ሰፋፊ ቀለም ብቻ ነው፤ ግን ራሱ ደምሴ ነው፣ ቁጣው ሳይቀር።

እናቴ ከትናንት ጀምሮ ቁስሉን ለመንካት አልደፈረችም ነበር። ሥዕሉን ቀረብ ብላ አየችና በጣቷ ጥላውን ዳሰሰችው። ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ የጣቷ ምልክት ልክ በጠፋው ዓይኑ ቦታ ላይ ቀረ። ላስተካክለው ብሩሼን ሳነሣ ደምሴ እጄን ያዘኝ።

«ተወው» አለኝ።