ጎማ የሌላትን መኪና ስላነሡልን

ለሰፈር ውበትና ሥርዓት ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ጊዜ እርስዎም ሆኑ ወንበርዎ በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ሙሉ እምነቴ ነው፤ ሁለታችሁም ካላችሁበት ንቅንቅ የማትሉ በመሆናችሁ አደጋ ያገኛችኋል ብዬ አልሰጋም። እኔ የጡረተኛው ባትላሜራ ሚስት ነበርኩ። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግን፣ በመሥሪያ ቤትዎ ትጋት፣ የሟቹ ባትላሜራ ሚስት ተብዬ እጠራለሁ። ለዚህ ዕድገቴ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ስለሚሆንብኝ ብዕር አነሣሁ።

ባለቤቴ የተጋጨ መኪና ሲቀጠቅጥና ሲያቃና ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነበር። ጡረታ ሲወጣ ከአንድ የተዘጋ ጋራዥ ሞተርም፣ መስታወትም፣ ጎማም የሌላትን የአንዲት ጥንታዊ መኪና ቦዲ አምጥቶ፣ በመተላለፊያችን አፍ ላይ ካለው ሰፊ ቦታ፣ ማንንም በማታሰናክልበት ጥግ፣ ድንጋይ ላይ አስቀመጣት። ልቡ ታማሚ ስለነበረ ቶሎ ቶሎ እያረፈ ዝገቷን ይፍቃል፣ የጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎዋን ያቃናል። አልዋሽዎትም፣ ቅናት ቢጤ ነበረብኝ፤ እኔን እንደዚያ አሻሽቶኝ አያውቅም። አንድ ቀን ጎማ ገጥሞላት በእሷ ተሳፍሮ መሄድ ነበር ምኞቱ። አሁን ወደ ቅሬታዬ፣ ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፤ በዋናው መንገድ እንግዶች ስለሚያልፉ «የአካባቢውን ገጽታ የሚያበላሸው ተሽከርካሪ» በአስቸኳይ እንዲነሣ ማዘዝዎን በሯ ላይ ከተለጠፈው ማስጠንቀቂያ ተረዳን። ባለቤቴ ቢሮዎ ድረስ መጥቶ መኪናዋ ጎማ ስለሌላት ያለ ክሬን እንደማትነሣ ቢያመለክት፣ በጸሐፊዎ በኩል የላኩለት መልስ፣ ጎማ የሌለው ተሽከርካሪ ማቆም ራሱን የቻለ ሌላ ጥፋት መሆኑን የሚገልጽ ነበር። ያላወቅነውን ስላሳወቁን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፤ የላኳቸው ሠራተኞች ሥራ ወዳዶች ናቸው። የቡድን መሪው መጀመሪያ ቁልፏን ጠየቀን። ቁልፍ የላትም ብንለው የእጅ ፍሬኗ እንዲለቀቅ አዘዘ። ፍሬኑ የሚይዘው ጎማ ስለሌለ ይኸም ሳይሆን ሲቀር፣ ለውኃ መስመር ያስቀመጥናቸውን ቱቦዎች ከሥሯ አጋድመው ያንከባልሏት ጀመር። ወደ ዋናው መንገድ ዳገት ነው፤ ወደ ውስጥ፣ ወደ በሮቻችን፣ ቁልቁለት። አስተዋዮች ናቸውና ቁልቁለቱን መረጡ። ገሚሶቹ ከኋላ እየገፉ፣ ገሚሶቹ ከውስጥ በገመድ እየጎተቱ፣ መተላለፊያው ከሚጠብበት ስትደርስ በግራና በቀኝ ግንብ ተይዛ ቀጥ አለች። ወደ ፊት እንቢ፣ ወደ ኋላ እንቢ። በውስጥ በኩል የቀሩት ከነጫማቸው በጣራዋ ላይ ተራምደው ወጡ። የቡድን መሪውም ባዶ የቀረውን ቦታ ፎቶ አንሥቶ፣ ባለቤቴን በመኪናዋ ማዶ ተጣርቶ፣ «አባባ፣ አይዞዎት፣ አሁን ከመንገድ አትታይም» ብሎ አጽናናው። እውነቱን ነው። ከእሷ በስተ ውስጥ የምንኖር ሰዎችም ከመንገድ አንታይም።

ሦስተኛ፤ መንገዳችን ተዘግቷል ብዬ ወደ መሥሪያ ቤትዎ ብደውል፣ መኪናዋ መነሣቷ በፎቶ ስለተረጋገጠ መንገዳችን ክፍት እንደሆነ በትሕትና ተነገረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍት በሆነው መንገዳችን፣ ስንወጣ በፊት መስታወቷ ክፍተት ገብተን በኋላዋ እንወርዳለን፣ ስንገባ የዚያን ተቃራኒ እናደርጋለን። ወገባችን ላላ፤ ስለ ስፖርቱም እናመሰግናለን።

አራተኛ፤ ይህኛውን ባልቆጥረው ደስ ባለኝ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ደረቱን ይዞ ደጃፋችን ላይ ተቀመጠ። አምቡላንሱ ፈጥኖ ደረሰ፤ እነሱን የማመሰግነው ከልቤ ነው። ቃሬዛው ግን ወደ እኛ ማለፍ አልቻለም። ስለዚህ ወንድሜና ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ባለቤቴን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በፊቷ በኩል አስገቡት፤ የአምቡላንሱ ሰዎች ደግሞ ከማዶ በኋላዋ ሊቀበሉት እጃቸውን ዘረጉ። እኔ እግሩን ይዤ ተከትዬው ገባሁ። ወንበር በሌለው ወለሏ ላይ ሳለ «ቆም በሉ» አለ። ቆምን። እጁን ወደ ላይ ሰድዶ ጣራዋን ከውስጥ ዳሰሰና፣ «አጎድጉደውታል» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። ማዶ የተቀበሉት ሰዎች ቀና ብለው ሊያዩኝ አልቻሉም።

ክቡርነትዎ፣ ለምኞቱ ብዙ ይጎድለው ነበር፤ እርስዎ ግን ጎማ እንኳ ሳያስፈልግዎ አሳፍረው ሸኙት። እንዳላስቀይምዎ ፈርቼ ነው እንጂ እጠላዎታለሁ ብል ውሸት አይሆንብኝም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በፎቶ የተነሣችውን መኪና በክሬንም ያንሡልን። ከእኛ ወዲያ አሁንም በሮች አሉ፤ በበሮቹም ውስጥ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አሉ።

ዳገት የማይገጥመው ረጅም ዕድሜ፣ ጠባብ የማይሆን ሰፊ መንገድ፣ ሲደክምዎም ብዙ ተሸካሚ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የሟቹ ባትላሜራ ሚስት

ግልባጭ፦ ሥራው በፎቶ ላለቀለት ሁሉ

ከፊርማዬ በኋላ የታከለ፦ በመተላለፊያችን መጨረሻ በር የሚኖሩት ወላጅ እናትዎ ከትናንት ወዲያ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። አንድ ሐኪም በመኪናዋ ውስጥ ሾልኮ ገብቶ አይቷቸዋል፤ እሳቸው ግን ሰፋ ያሉ ሴት ከመሆናቸውም በላይ መታጠፍ ስለማይችሉ በዚያ ሊወጡ አይችሉም። እርስዎ እሳቸውን ለመጠየቅ ከመጡ ዓመታት ስላለፉ የመተላለፊያውን ጥበት ቢዘነጉት አይፈረድብዎትም። እሳቸውም እርስዎ የትኛውን ቢሮ እንደሚመሩ አያውቁም፤ «ልጄ ትልቅ ሰው ነው» ይላሉ፣ በቃ። ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ እስከ ፊርማዬ ድረስ አነበብኩላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ፣ «ለመሆኑ ይሄ ሰውዬ የማን ልጅ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

አላውቀውም አልኳቸው።