ድሬ አንድ ሰዓት ነው

ረቡዕ
ዛሬም ከውሃ በቀር የቀመሰችው የለም። ሐኪሙ «ቤት ውሰዷት» ካለን ወዲህ የእናቴ ዓይን ከበሩ አልተነቀለም። የምትጠብቀው ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራውን እህቴን ኑሪያን ነው። አሠሪዋ በመከራ ፈቅዳላታለች፤ ነገ ማታ ትነሳለች። ከጅዳ አዲስ አበባ ሁለት ሰዓት ምናምን፣ ከአዲስ አበባ ድሬ አንድ ሰዓት። «አንድ ሰዓት እኮ ቀፊራ ገበያ ደርሶ መመለስ ነው» አልኳት እናቴን። ፈገግ አለች። ቀኑን ሙሉ ያገኘሁት ደስታ ይቺው ናት።

ሐሙስ
ከመግሪብ ሶላት በኋላ አረፈች። እጇ እጄ ውስጥ ነበር።
ሽማግሌዎቹ «ጀናዛ አይቆይም» አሉ። ልክ ናቸው። አጎቴ አብዱ ግን ለመናቸው፦ «በጠዋቱ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ድሬ አንድ ሰዓት ነው። ልጅቷ ፊቷን ትይና ከጁምዓ በኋላ እንቀብራለን።» እሺ አሉ።
ኑሪያ ልትሳፈር ስትል ደወለች። «እማዬስ?» ቤቱን የሞላው ሰው አፍ አፌን አየኝ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ያውም ብቻዋን ለምትበር ልጅ። «ደህና ናት፤ ዛሬማ ሾርባ ጠጣች» አልኳት። ሾርባውን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። «አልሃምዱሊላህ» ብላ አለቀሰች።

ዓርብ
ኤርፖርት ልሄድ ባጃጅ ውስጥ እንደገባሁ ስልኬ ጮኸ። ኑሪያ ናት፣ ከአዲስ አበባ።
«አቦ አትቸኩል፣ በከሰዓቱ ነው የምመጣው። አንድ ሽማግሌ ልጁ ድሬ ሞቶበት፣ ቦታ አጥቶ፣ ቀብር ሊያመልጠው ሲያለቅስ አየሁት። የእኔ እናት ደህና ናት ብዬ መቀመጫዬን ለቀቅኩለት። አውሮፕላኑ አሁን ተነሳ።»
ብነግራትስ? አውሮፕላኑ ሄዷል፣ በመኪና ሙሉ ቀን ነው፤ ለቀብሩ አትደርስም። «አላህ ይስጥሽ» አልኩ።
ሽማግሌዎቹን ዳግመኛ ለመለመን ፊት አልነበረኝም። ከጁምዓ በኋላ ቀበርናት።
ኑሪያ አመሻሽ ላይ መጣች። ድንኳኑን ከባጃጁ ሳትወርድ አየችው። አልጮኸችም። «ሾርባ ጠጣች አልከኝ» ብቻ አለችኝ።

ቅዳሜ
አላነጋገረችኝም። ሴቶቹ መሃል ተቀምጣለች፤ ስገባ ፊቷን ታዞራለች። አጎቴ «ለእሷ ብለህ ነው» ይለኛል። አውቃለሁ።

እሑድ
ጠዋት ጠራችኝ። «ሰውዬው ደረሰ?»
«የቱ ሰውዬ?»
«መቀመጫዬን የሰጠሁት። እሱ እንኳ ልጁን አይቶ ከሆነ...» አልጨረሰችውም። ስሙን አታውቅም፤ ነጭ ጢም አለው አለች።
የድሬን ሰፈሮች፣ ከዚራን፣ ታይዋንን፣ ቀፊራን፣ የለቅሶ ድንኳን እየፈለግኩ ዞርኩ። በገባሁበት ለቅሶ ሁሉ ተቀምጬ ዱዓ አደረግኩ፤ እንደ እኔ ያዘኑ ሰዎች «አላህ ያጽናህ» አሉኝ። ሰውዬውን ያየ የለም።
ስመለስ መንገድ ላይ «ደርሷል፣ ፊቱን ስሞ ቀበረው» ልላት አሰብኩ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። እንዴት በቀለላት!
«አላገኘሁትም፤ ለቀብሩ ይድረስ አይድረስ አላውቅም» አልኳት።
ከዚያ ፍራሹ ላይ ጠጋ አለችልኝ።