እማማ ኤሊ እና ዮሃና፦ ሁለት እህትማማቾች በአንድ መቃብር

እማማ ኤሊ ከአባታቸው ከአቶ ሄንድሪክ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሪያ እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1924 በሮተርዳም ከተማ፣ ሻርሎይስ ሰፈር ተወለዱ። በሁለት ዓመት የሚበልጧቸው እህታቸው ዮሃና ጠዋት ጠዋት ጸጉራቸውን እየጎነጎኑላቸው አደጉ። ዮሃና የሞቱት በሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ከእኔ የምታንስ ልጅን አንቱ ማለት ቢከብደኝም፣ የእማማ ታላቅ ናቸውና አንቱ እላቸዋለሁ። ይህን በወጋችን ጽፌ በእማማ ቀብር ላይ እንዳነብ ያዘዘችኝ እናቴ አበባይሽ ናት።

እማማ ትምህርታቸውን እዚያው ጨርሰው በልብስ ስፌት ተቀጠሩ። በጦርነቱ ዘመን እህትማማቾቹ አንዲት አይሁዳዊት እናትን ከነልጇ ጣሪያ ሥር ሸሸጉ። በ1944 ጠቋሚ አሳልፎ ሰጣቸው። እናትና ልጁ ተወስደው አልተመለሱም። እማማና ዮሃና በዚያው ዓመት መስከረም ጀርመን አገር፣ ራቨንስብሩክ ወደተባለው የሴቶች ማጎሪያ ተጋዙ። እዚያ እንደደረሱ በግድ ተላጩ፤ ለጥቂት ጊዜ እርስ በርስ መተዋወቅ እንኳ አቅቷቸው ነበር። ቀን ከሌት የወታደር ልብስ ሰፉ። ዮሃና በየካቲት 1945 በተስቦ ሞቱ። መቃብር የላቸውም።

እማማ ነጻ ወጥተው በሐምሌ ወር ቤታቸው ሲደርሱ፣ እናታቸው በሩን ከፍተው መጀመሪያ የተመለከቱት ከኋላቸው ነበር፤ ዮሃናን ሲፈልጉ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ስሟ... ስማቸው አልተነሣም። ለቅሶ የተቀመጠላቸውም የለም።

እማማ በ1951 የትራም ሾፌር ከነበሩት ከአቶ ኮር ጋር ተጋብተው ዘ ሄግ ከተማ፣ ስኪልደርስዋይክ ሰፈር ኖሩ። ልጅ አልወለዱም። መርፌ ዳግመኛ አልነኩም፤ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠርተው ጡረታ ወጡ። ጸጉራቸውን መቀስ አላስነኩም። እኔ ሳውቃቸው ነጩ ጉንጉን ወገባቸው ይደርስ ነበር።

ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ጎረቤታቸው የሆነችው እናቴ ቤታቸው እየሄደች ትንከባከባቸው ነበር። በ2011 አያቴ ጎንደር ሲያርፉ እናቴ በአገሯ ወግ ተላጭታ፣ ሻሽ አስራ እማማን ልትንከባከብ ሄደች። ሻሹ ሲወርድ እማማ ጮኹ። በሩን ከውስጥ ቆልፈው፣ ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ እያሉ ፖሊስ ሊጠሩ ተነሡ። እናቴ ማንም እንዳላስገደዳት፣ ስለ እናቷ ሐዘን ራሷ እንደተላጨች አስረዳቻቸው። እማማ፣ ለእህትም ይሆናል ወይ ሲሉ ጠየቋት። ይሆናል አለቻቸው።

መቀሱን ያመጡት ራሳቸው ናቸው። በሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ለዮሃና አለቀሱ። እናቴ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጠችላቸው፤ የሰፈራችን ሐበሻም ስለማያውቃት ልጅ እግዜር ያጽናዎት ሊል ጫማውን እያወለቀ ገባ። ይህን ስጽፍ አሁንም እንባዬ ይመጣል።

እማማ ልባቸው ደክሞ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 19 ቀን 2023 በተወለዱ በ98 ዓመታቸው ዐረፉ። ሐዘኑ የባለቤታቸው የወንድም ልጅ፣ የእናቴ እና የእኔ የሉሊት ነው።

እናቴ ዛሬ አልተላጨችም። ለእኔ አንዲት ዘለላ እንዳትቆርጪ ብለው እማማ አስምለዋታል። ያኔ የተቆረጠው ጉንጉን ግን በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ አብሯቸው ሳጥኑ ውስጥ አለ፤ ድንጋዩ ላይም የዮሃና ስም ከስማቸው በላይ ተጽፏል። ስለዚህ ዛሬ የምንሸኘው ሁለት ሰው ነው። እግዚአብሔር የኤሊን እና የዮሃናን ነፍስ ዳግመኛ በማይለያዩበት በአንድ ስፍራ ያሳርፍልን።